ራም ጨምራችሁ ኮምፒውተሩ ካኮረፈ

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቴክኒሻን አይደለሁም። ግን እዚህ አዳማ በምሠራበት ቢሮ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስም፣ ኮምፒውተር አልነሳ ሲልም የምጠራው እኔ ነኝ። ሹመቱን በትምህርት አላገኘሁትም። አንድ ሰኔ ላይ በገዛ ላፕቶፔ በሠራሁት ስህተት ነው ያገኘሁት።

የሂሳብ ሰው ሰኔ 30 ሲቃረብ እንዴት እንደሚያድር ያውቃል። የሂሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ ተከፍቷል። ሦስት ኤክሴል ተከፍቷል። ክሮም ላይ አሥራ ምናምን ገጽ አለ። ቴሌግራምም ከሥር ይንጫጫል። ላፕቶፔ ያገለገለ ነው፤ 4ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 5፣ ራሙ (የተከፈተውን ሥራ ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) 4 ጊጋ። አንድ ሴል ነክቼ እስኪመልስልኝ ቡና ማፍላት እችል ነበር። ታዲያ ለሥራ አዲስ አበባ በሄድኩበት መገናኛ ጎራ ብዬ 8 ጊጋ ራም ገዛሁ። ሻጩ ልጅ “የላፕቶፕ ነው እህቴ፣ ዲዲአር 3 ነው፤ ሰክተሽ ማስነሳት ብቻ ነው” አለኝ። ዲዲአር 3፣ 4፣ 5 የሚባለው የራም ትውልድ ነው።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በካቻቢቴ ከፈትኩት። የድሮውን አወጣሁ፣ አዲሱን ሰካሁ፣ ማብሪያውን ተጫንኩ። ፋኑ ዞረ። የካፕስ ሎክ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። አጥፍቼ አበራሁ፤ ያው ነው። ላብ አጠመቀኝ። የመሥሪያ ቤቱ የዓመት ሂሳብ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ሱቁ ጋ ስደውል “ፎርማት ሳይፈልግ አይቀርም” አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ላስደርገው ጥቂት ነው የቀረኝ።

ያን ቀን ያላወቅኩትን ልንገራችሁ። ፎርማት የሚደረገው ዲስኩ ነው። ኮምፒውተሩ የአምራቹን አርማ እንኳን ሳያሳይ ከቆመ ገና ዲስኩ ጋ አልደረሰም፤ ዊንዶውስ መኖሩንም አያውቅም። ያልደረሰበትን ነገር መደምሰስ ምን ይፈይዳል? ስለዚህ ራም ጨምራችሁ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ ራሳችሁን የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው። የት ድረስ ሄዶ ነው የቆመው? አርማው ሳይመጣ ነው? ተነስቶ የጨመራችሁትን ራም አልቆጥርም ብሎ ነው? ወይስ ሁሉም ደህና መስሎ እየሠራችሁ ድንገት ወደቀ? ሦስቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። መድኃኒታቸውም አይገናኝም።

መጀመሪያ ወደ ነበረበት መልሱት

ከሁሉም በፊት አዲሱን ራም አውጡና የድሮውን ወደ ቦታው መልሱ። ካስነሳ እፎይ በሉ፤ ማዘርቦርዱም (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ)፣ ዲስኩም፣ ፋይሎቻችሁም ደህና ናቸው። ጥፋቱ ያለው ወይ አዲሱ ራም ላይ ነው ወይ አሰካኩ ላይ።

በዚያው አከፋፈቱንም ላንሳ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ተራው ሸት ዳውን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። ቶሎ ለመነሳት ሲል የራሱን ሁኔታ ዲስክ ላይ ቆጥቦ ነው የሚተኛው። ስለዚህ ሺፍትን ተጭናችሁ ይዛችሁ ሸት ዳውን በሉት። ቻርጀሩን ንቀሉ። ባትሪውን አውጡ፤ ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ደግሞ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን ሶኬት በቀስታ ንቀሉት። ከዚያ ማብሪያውን ለ20 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት፤ የቀረችው ኤሌክትሪክ ትወጣለች። ራሙን ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ ያልተቀባ ብረት ንኩ። ሹራብ ለብሳችሁ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላችሁ ከሆነ በተለይ። ሰውነታችን ላይ የሚጠራቀመው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ለእኛ አይሰማንም፤ ለቺፕ ግን መብረቅ ነው።

አርማው ሳይመጣ ከቆመ

አብዛኛው ችግር እዚህ ነው። ከዚህ ውስጥ ደግሞ ብዙው የአሰካክ ጉዳይ ነው።

የላፕቶፕ ራም ቀጥ ብሎ አይገባም። ራሙ ጥርስ ላይ መሃል አካባቢ የተቆረጠችውን ክፍተት ከስሎቱ (ራሙ ከሚሰካበት ቦታ) ጉብታ ጋር አስተያዩና አዘንብላችሁ አስገቡት። ወርቃማው ጥርስ ጠልቆ ከውጭ ቀጭን መስመር ብቻ እስኪቀር ድረስ ግፉት። ከዚያ ነው ወደ ታች የምታስተኙት። ሁለቱ የጎን መያዣዎች “ቀጭ” ብለው ይይዙታል። እኔ መጀመሪያ ሳልገፋ ነበር ያስተኛሁት። መያዣዎቹ ስለያዙት የገባ መሰለኝ፤ ወርቁ ግን ግማሹ ውጭ ነበር። ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ ቀጥ ብሎ ከላይ ይገባል። ኃይል ይፈልጋል፤ ማዘርቦርዱ ትንሽ ሲጎብጥ ስታዩ ልባችሁ ይሸሻል፣ ግን ልክ ነው። አንዳንድ ቦርድ ላይ የሚንቀሳቀሰው መያዣ በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ በሌላው በኩል መግባቱን በዓይን አረጋግጡ።

ገብቶም ካልተነሳ ላጲስ አምጡ። አትሳቁ፣ የምር ነው። ለስላሳውን ነጭ የእርሳስ ላጲስ እንጂ አሸዋማውን የስክሪብቶ ላጲስ አይደለም። ወርቃማውን ጥርስ በሁለቱም ፊት ወደ አንድ አቅጣጫ ቀስ እያላችሁ እሹት። ፍርፋሪውን በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። በጣት አትንኩት፤ የእጅ ቅባት ነው ያቆሸሸው። ስሎቱን በብናኝ ማጽጃ ብሩሽ ጠረግ አድርጉት። የእኛ አዳማ አቧራ የት የት እንደሚገባ አይታወቅም።

ከዚህ በኋላ አንድ በአንድ ሞክሩ። አዲሱን ብቻውን አንደኛው ስሎት ላይ። ካልሆነ ብቻውን ሁለተኛው ላይ። ከዚያ የድሮውን በእነዚያው ስሎቶች። አራት ሙከራ ነው፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አዲሱ በሁለቱም ካልሠራ፣ የድሮው በሁለቱም ከሠራ ጥፋተኛው ተያዘ። ሁለቱም በአንዱ ስሎት ብቻ ከሠሩ ስሎቱ ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የሚቀያይር ሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ ቢለፋ መልስ አያገኝም፤ ከራሴ ነው የምናገረው።

የሚታገሱበት ቦታም አለ። ራም ተቀይሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ማሽኑ ከወትሮው ሊዘገይ ይችላል። ዲዲአር 5 ያላቸው አዳዲስ ዴስክቶፖች ላይ ደግሞ ጥቁር ስክሪን ለደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል፤ ራሙን እየተለማመደው ነው። ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሳትጠብቁ ማብሪያውን አትጫኑ። “የሚሞሪው መጠን ተቀይሯል” የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ቁልፍ እንድትጫኑ ከጠየቀም ብልሽት አይደለም፤ እንደታዘዛችሁት ተጭናችሁ ቀጥሉ።

አሁን ወደ እኔ ጉድ እንመለስ። አሰካኩን አስተካከልኩ፣ በላጲስ አሸሁ፣ ስሎት ቀየርኩ። የድሮው ያስነሳል፣ አዲሱ አያስነሳም። በማግስቱ ሁለቱን ራሞች ጎን ለጎን አስቀምጬ የተለጠፈባቸውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ። የድሮው ላይ ፒሲ3ኤል-12800ኤስ ይላል። አዲሱ ላይ ፒሲ3-12800ኤስ። ልዩነቱ ያቺ አንዷ ኤል ናት።

ኤል ያለው በ1.35 ቮልት ይሠራል። ኤል የሌለው 1.5 ቮልት ይፈልጋል። ከ4ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ዲዲአር 3 የሚወስዱ የኢንቴል ላፕቶፖች የተሠሩት ለ1.35ቱ ነው። 1.5ቱን ስትሰኩባቸው አብዛኛውን ጊዜ አይነሱም። ቅርጹ ግን አንድ ነው፤ ስሎቱ ውስጥ ያለ ምንም ችግር ይገባል። ክፋቱም ይኼ ነው። በተቃራኒው ኤል ያለው ራም በ1.5 የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። ስለዚህ የዲዲአር 3 ዘመን ላፕቶፕ ካላችሁና ከተጠራጠራችሁ ኤል ያለበትን ግዙ።

ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 ላይ እንዲህ ዓይነት መምታታት የለም። ያቺ የተቆረጠችው ክፍተት ያለችበት ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም። አልገባ ካላችሁ አትታገሉ፤ ተሳስታችሁ ነው የገዛችሁት።

ጽሑፉ ላይ ሌላም የሚነበብ አለ። መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ኤስ ከሆነች የላፕቶፕ ናት፣ ዩ ከሆነች የዴስክቶፕ። አር ካያችሁ የሰርቨር ራም ነው፤ ተራ ዴስክቶፕ ላይ አይነሳም። ርካሽ ሆኖ ሲቀርብላችሁ ልባችሁ እንዳይሸፍት። 12800 የሚለው ፍጥነቱ ነው፤ ለ8 ስታካፍሉት 1600 ይመጣል። ዲዲአር 4 ላይ 19200 ማለት 2400፣ 25600 ማለት 3200 ነው። ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ራም አንድ ላይ ብታደርጉ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም በዘገምተኛው ፍጥነት ይሄዳሉ። ይህ በራሱ ችግር አይደለም።

አንዳንድ ማሽን ጥቁር ሆኖም ይናገራል። የመጋዘን ኃላፊያችን አንድ ቀን “ልጄ፣ ይሄ ነገር እንደ በግ ይጮህብኛል” ብለው ጠሩኝ። ዴስክቶፓቸው ኮር ቱ ዱዎ ነው፣ ጂ41 ቺፕሴት ያለው አሮጌ። ወንድማቸው 4 ጊጋ ዲዲአር 3 ሰክቶላቸው ነበር። ጩኸቱ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ረጅም “ቢፕ” ያለማቋረጥ ከተደጋገመ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራም ነው። ዴል ላፕቶፖች ደግሞ በመብራት ነው የሚናገሩት። አዲሶቹ ላይ 2 ጊዜ ብርቱካናማ፣ ከዚያ 3 ጊዜ ነጭ ከበራ ራም አላገኘም ማለት ነው። 2 እና 4 ከሆነ ራሙ ተበላሽቷል፤ 2 እና 5 ከሆነ የማይስማማው ራም ገብቷል። የመጋዘን ኃላፊው ጉዳይም የማይስማማ ራም ነበር። እነዚያ ጂ41 ቦርዶች 4 ጊጋ ራም የሚቀበሉት በላዩ ላይ 16 ቺፕ ሲኖረው ነው። ስቆጥረው 8 ብቻ ነው። ሌላው ማሽን ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ እዚያ ግን ይጮኻል። ባለ 16 ቺፑን ፈልገን አገኘን።

ከተነሳ ግን ቆጠራው ካልሞላ

ራሞቹ ተደምረው 8 ጊጋ ሆነው ዊንዶውስ 3.4 ብቻ ነው የምጠቀመው ቢላችሁ ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ወደሚነሳው የማሽኑ የራሱ ፕሮግራም) ግቡ። ሲበራ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 1፣ ብዙ ዴስክቶፕ ላይ ዲሊት ደጋግማችሁ ተጫኑ። እዚያ ስንት ይላል? ባዮሱም 4 ካለ አንዱ ራም አልታየም፤ ወደ አሰካኩና ወደ ላጲሱ ተመለሱ። ወይም ማሽኑ የሚሸከመው እስከዚያ ብቻ ነው፤ የሞዴሉን ጣሪያ አምራቹ ጽፎታል። ባዮሱ 8 ብሎ ዊንዶውስ ካነሰ ግን ብረቱን ተዉት። ችግሩ ዊንዶውስ ውስጥ ነው።

የገንዘብ ያዣችን ላፕቶፕ እንዲህ ነበር። ሴቲንግ ከፍተን ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ውስጥ ስናይ 32 ቢት ዊንዶውስ ነው የተጫነበት። 32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋ በላይ አያይም፤ ከዚያም ላይ ለሌሎች ዕቃዎች ቦታ ቀንሶ ነው። 64 ቢት ለማድረግ እንደ አዲስ መጫን ግድ ነው። ፎርማት የሚለው ቃል ትክክል ሆኖ ያገኘሁት እዚህ ጋ ብቻ ነው። ያም ሆኖ የፒችትሪውን ባክአፕ በሁለት ፍላሽ ይዘን፣ አንዱን ሌላ ማሽን ላይ ከፍተን አይተን ነው የጀመርነው።

64 ቢት ሆኖም ካነሰ ሲስተም ኮንፊገሬሽን የሚለውን ፈልጋችሁ ክፈቱ። ቡት፣ ከዚያ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ማክሲመም ሚሞሪ የሚል ሳጥን አለ። ምልክት ካለበት አንሱትና ሪስታርት አድርጉ። ከ“ፍጥነት መጨመሪያ” ቪዲዮ አይቶ ይህን የነካ ሰው ብዙ ነው። ደግሞ ከ8ቱ 7.7 ወይም 7.8 ካላችሁ ዝም በሉ፤ የጎደለችውን የወሰደው ግራፊክሱ ነው።

እየሠራ ድንገት ከወደቀ

የምፈራው ይኼኛውን ነው። ያን የመጀመሪያውን ኤል ባለው 8 ጊጋ ከቀየርኩ በኋላ፣ በዓመቱ ለላፕቶፔ ያገለገለ ሁለተኛ 8 ጊጋ ጨመርኩለት። ይህን ጊዜ ኤሏን አይቼ ነው የገዛሁት። ተነሳ። 16 ቆጠረ። ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ሰማያዊ ስክሪን መጣ፤ ሜሞሪ ማኔጅመንት የሚል ተጽፎበታል። አለፍኩት። በማግስቱ ዚፕ አድርጌ ያስቀመጥኩት ባክአፕ አልከፈትም አለኝ። ያኔ ነው የነቃሁት።

የታመመ ራም ማሽኑን ከማጥፋቱ በፊት ፋይል ያበላሻል። በእሱ በኩል አልፎ ዲስክ ላይ የሚጻፈው ነገር ሁሉ ሳይታወቅ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ ራም ጨምራችሁ ማሽኑ አንዴ እንኳን ከወደቀ የዓመት መዝጊያ አትሥሩ። በድሮው ባክአፕ ላይም አዲስ አትደርቡ። መጀመሪያ ፈትሹት።

መፈለጊያው ላይ ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ ብላችሁ ክፈቱ። ሪስታርት ብሎ ራሱ ይፈትሻል። ፈተናው ሲጀምር ኤፍ 1 ተጭናችሁ ኤክስቴንድድ የሚለውን ምረጡ፤ ተራው ፈተና ቶሎ አልፎ ይሄዳል። እኔ የማምነው ግን ሜምቴስት86 ፕላስን ነው። ነፃ ነው፤ ፍላሽ ላይ ተጭኖ ያለ ዊንዶውስ ይነሳል። ማታ ለቅቄው ተኛሁ። መብራት ቢጠፋ እንኳን ላፕቶፑ ባትሪ አለው ብዬ ነው። ለፀሎት ስነሳ ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆኖ ጠበቀኝ። ስንት ስህተት ሲሆን ይታለፋል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። አንድ እንኳን አይታለፍም።

ስህተት ከወጣ ራሞቹን አንድ በአንድ ፈትሹ። እያንዳንዱ ብቻውን ንጹሕ ሆኖ አብረው ሲሆኑ ከወደቁ አልተስማሙም ማለት ነው፤ የሻጩ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ዴስክቶፕ ላይ ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚል በርቶ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አጥፉና ሞክሩ፤ ራሙን ከመደበኛው ፍጥነት በላይ ነው የሚያስሮጠው። አራት ስሎት ላለው ዴስክቶፕም ሁለቱን ራም በብዙ ቦርድ የሚቀበሉት ከፕሮሰሰሩ በኩል ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ናቸው።

የእኔ ግልጽ ነበር። አዲሱ ብቻውንም ቀይ ነው። የስክሪኑን ፎቶ በስልኬ አንስቼ ሱቁ ይዤ ሄድኩ፤ ሳይከራከሩ ቀየሩልኝ። አሁን ያገለገለ ራም ስገዛ ሱቁ ውስጥ ላፕቶፔ ላይ አሰክቼ ባዮሱ ሲቆጥረው ሳላይ አልከፍልም።

ራም ጨምሮ ፍጥነቱ ጠብ የሚል ለውጥ ያላየ ሰው ደግሞ ዲስኩን ይመልከት። አሮጌው የሚዞረው ሃርድ ዲስክ ከሆነ ማነቆው እሱ ነው፤ 32 ጊጋ ብትጨምሩም ከመንቀራፈፍ አያወጣችሁም። ሲ ድራይቭ ድንገት ከጠበበም ሌባ አልገባም። ዊንዶውስ 10 ሃይበርኔት በሚባለው እንቅልፍ ሲተኛ የራሙን ይዘት የሚቆጥብበት ፋይል አለው፤ መጠኑ እንደነበረ ከተተወ የራሙን 40 በመቶ ያህል ነው። ከ4 ወደ 16 ስትሄዱ ወደ 5 ጊጋ የሚጠጋ ቦታ ይበላል። 128 ጊጋ ኤስኤስዲ ላይ ይሰማል። ሃይበርኔት የማትጠቀሙ ከሆነ ማጥፋት ይቻላል።

ያቺ መጀመሪያ ያወጣኋት 4 ጊጋ አሁንም አለች። በፖስታ አድርጌ፣ ላዩ ላይ “ደህና” ብዬ ጽፌ፣ የቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ነው ያስቀመጥኳት። አንዱ ዲዲአር 3 የሚወስድ ላፕቶፑ ጨልሞበት ሲመጣ መጀመሪያ የምሰካለት እሷን ነው። ባለፈው ሳምንት ገንዘብ ያዣችን ተውሳት ሄዳለች፤ እስካሁን አልመለሰችም።